የአባዬ ሞተር እግር፦ ከምናለሽ ተራ እስከ ቢሾፍቱ

መርካቶን የማያውቅ የአዲስ አበባ ቤተሰብ የለም። ለሠርግ ልብስ፣ ለልጆች ደብተር፣ ለበዓል በርበሬና ቅቤ ያልሄደ ማን አለ? ምናለሽ ተራን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በስም ብቻ ነው። "ቆራሌው!" እያለ በየሰፈራችን የሚያልፈው ሰው ከግቢያችን የሚወስደው የዛገ አልጋ፣ የተቀደደ በርሜልና የተሰበረ ወንበር ብዙው ጉዞውን የሚጨርሰው እዚያ ነው። ከእኛ ቤት "ይጣል" ተብሎ የወጣ ዕቃ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ዋጋ ይወጣለታል። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማው ጫማና ባልዲ ይሆናል፣ የተጣመመው ምስማር በመዶሻ ተቃንቶ በኪሎ ይሸጣል።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ብረት ነው። ቢሾፍቱ ለሚኖረው የ68 ዓመት አባቴ ሞተር ሳይክል የመሀል ስታንድ ማሠራት ነበረብን።

የአዳ ጭቃ

አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ኡዴ አካባቢ ያለችውን የጤፍ ማሳ በአሮጌ 125 ሲሲ ሞተር እየተመላለሰ ይጎበኛል። ሞተሩ ከመንግሥት ጨረታ የተገዛ፣ ለገጠር መንገድ የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ያሉ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ የጎን ስታንድ ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት። ሞተሩ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ በአንዲት ቀጭን እግር ላይ ይደገፋል። አስፋልት ላይ ይህ ችግር የለውም።

የአዳ መሬት ግን አስፋልት አይደለም። ማኛ ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። የጎን ስታንድ ጫፍ ስፋቱ ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይበልጥም። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር በዚያች ጫፍ ላይ ሲደገፍ እግሩ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ሞተሩም ያንኑ ያህል ይዘነበላል። በመጨረሻ ይወድቃል።

ባለፈው ነሐሴም ወደቀ። አባዬ አጠገቡ ስላልነበረ አልተጎዳም። ሊያነሳው ቢሞክር ግን አቃተው። ሁለት ወጣቶች በዚያ እስኪያልፉ ድረስ ማሳው ዳር ካፊያ እየመታው ተቀመጠ። ይህን የሰማነው ከእሱ አይደለም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጎረቤት ለእማዬ ነገረቻት።

ያን ሰሞን በቤተሰባችን ስልክ ሌላ ወሬ አልነበረም። ወንድሜ "ይሸጥ፣ አበቃ!" አለ። አባዬ ደግሞ "ሞተሩን ሸጬ ማሳዬን በስልክ ልጎብኝ?" ሲል መለሰለት። ነገሩን የቋጨችው እማዬ ናት። "ሰኔ ከመግባቱ በፊት ጭቃ ላይ ብቻህን ማቆም ከቻልክ ትነዳለህ። ካልቻልክ ይሸጣል" አለችው። አባዬ አልተከራከረም። በማግስቱ ካርቶን ይዞ ሞተሩ ስር ተኛ።

በገመድ የተለካ ስታንድ

የመሀል ስታንድ ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። ሁለት እግሮች ከሞተሩ ሆድ ስር ይወርዳሉ፣ የኋላ ጎማውን ከመሬት ያነሳሉ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለከፍተኛ ሞተር ሲሠራ ግን አንድ እንቅፋት አለ፤ ሞላው። የሞተሩን አካል ወደ ላይ ስታነሱት የኋላ ጎማው አብሮ አይነሳም። ተጭኖ የነበረው ሞላ ስለሚለቀቅ ጎማው መሬቱን እንደነካ ይቆያል። ሞላው ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ ነው ጎማው መሬት የሚለቀው። ለገጠር የተሠራ ሞተር ሞላው ረጅም ስለሆነ ስታንዱም ረጅም መሆን አለበት። ረጅም እግር ደግሞ ታጥፎ ሲተኛ ቦታ ይፈልጋል፣ ለመትከልም ጉልበት ይጠይቃል።

አባዬ ይህን ለመለካት ግቢያችን ያለውን የአቮካዶ ዛፍ ተጠቀመ። የሞተሩን የኋላ ክፍል በገመድ ከወፍራም ቅርንጫፍ ጋር አስሮ ጎማው ከመሬት ሁለት ጣት ያህል እስኪላቀቅ ሳበው። ስታንዱ የሚታሰርበት ቦታ ሞተሩ በጎማው ሲቆም ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ይርቅ ነበር፤ ሲንጠለጠል 34 ሆነ። ካርቶኑን በዚያ ልክ ቆርጦ ጭስ ማውጫው የሚያልፍበትንና ካቴናው የሚዞርበትን በእርሳስ ምልክት አድርጎ በአውቶቡስ ላከልኝ። ከካርቶኑ ጋር በእጁ የጻፈው ዝርዝር ነበር፦ የብረት ቱቦ፣ ወፍራም ላሜራ፣ ሁለት ጠንካራ ሞላ፣ ብሎን ከነዳዶው፣ ሮንዴላ።

ምን አለሽ?

ማክሰኞ ጠዋት ነው የሄድኩት። የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያንና የአንዋርን መስጊድ አልፋችሁ ወደ ውስጥ ስትዘልቁ መርካቶ በጆሮ መታወቅ ይጀምራል። የጨርቅ ተራ ጸጥ ይላል፣ ምናለሽ ተራ ግን ከሩቅ ይሰማል። አንዱ በርሜል ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ላሜራ ይቆርጣል፣ አንዱ ከአሮጌ ሞተር ኩሽኔታ ያወጣል። መተላለፊያው ጠባብ ነው። ሸክም የያዘ ሰው "መንገድ! መንገድ!" እያለ ሲመጣ ግድግዳ ላይ ትለጠፋላችሁ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ማሸጊያ፣ ስለ ቀለምና ስለ ሱቅ አቀማመጥ የምናወራ ሰዎች ነን። እዚህ ግን ማስታወቂያ የሚባል ነገር አላየሁም። ዕቃው መሬት ላይ ክምር ነው። ሻጩ ግን የክምሩን ሆድ ያውቀዋል። ካርቶኑን ለአንድ ብረት ሻጭ ሳሳየው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጥያቄ ጀመረ።

"እህቴ፣ ሞተሩ ስንት ኪሎ ነው?"

"ከመቶ በላይ።"

"የሚነዳው ማነው?"

"አባቴ።"

"ዕድሜያቸውስ?"

ነገርኩት። የያዘውን ቱቦ መልሶ ክምሩ ላይ ጣለና ከስር ሌላ ጎትቶ አወጣ። "ያኛው ስስ ነው። አባት የሚደገፍበት ነገር ሳሳ ካለ እኔም እጠየቃለሁ" አለ። ያወጣው ውፍረቱ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና መደርደሪያ የተቆረጠ ቱቦ ነበር። በሴጌቶ ሲቆርጠው አንድ ምክር ሰጠኝ፦ "36 ሳንቲም ይሁን። ረዘም ያለውን ማሳጠር ቀላል ነው፤ ያጠረውን መቀጠል ግን ብረቱን ያደክመዋል።"

ሞላውን ያገኘሁት ሦስት ሱቅ አልፌ ነው። ከተፈታ አሮጌ ሞተር የወጣ፣ ግራሶ የጠጣ፣ ጠንካራ ሞላ ነው። ሻጩ ሞርሳ ላይ አስሮ ስቦ አሳየኝና ሲለቀው ወደ ቦታው ተመለሰ። "አዲስ ከፈለግሽ አለ፤ ግን ይሄ የተፈተነ ነው" አለኝ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ መጽሔቱ ታትሞ እስኪደርሳችሁ ይለወጣል። ተከራክሬ ያስቀነስኩት ከታክሲ ሒሳብ የሚበልጥ አልነበረም።

ዝርዝሩን ይዤ ስዞር ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ቋንቋው ነው። ሞላ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሴጌቶ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ካቴና፣ ግራሶ፣ ኩሽኔታ። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። መርካቶ ራሱ ስሙ የጣልያንኛ "ገበያ" ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች ዋናውን ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ከነበረበት አንስተው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አሁኑ ቦታ አዛወሩት። እነሱ ተባረው ወጡ፤ የብረት ሥራው ቃላት ግን የእኛ ሆነው ቀሩ። ዛሬ በያጁም፣ ቆራሌውም፣ አባዬም የሚግባቡት በእነዚህ ቃላት ነው።

ቅዳሜ በቢሾፍቱ

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ወደ 45 ኪሎሜትር ገደማ ናት። በፍጥነት መንገዱ ከሄዳችሁ ቶሎ ትደርሳላችሁ። እኔ ግን በአሮጌው መንገድ፣ በአቃቂና በዱከም በኩል መሄድ እመርጣለሁ። ከዱከም ወዲያ ሜዳው ሲገለጥ የአዳን ጥቁር መሬት ከነስንጥቁ ታዩታላችሁ። ግንቦት ስለነበር ገበሬዎች ማሳቸውን እያረሱ ዝናብ ይጠብቁ ነበር። ብዙ ሰው ቢሾፍቱን የሚያውቃት በሐይቆቿ ነው፤ በሆራ፣ በባቦጋያና በኩሪፍቱ። ከሐይቆቹ ጀርባ ግን ባጃጅ፣ ጋሪና ሞተር የሚጠገንባት፣ በየመንገዱ ብየዳ ቤት ያለባት የሥራ ከተማ አለች።

አባዬ የመረጠው በያጅ ከሠላሳ ብዙም የማያልፍ ልጅ ነው። ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየና በመጀመሪያ የተናገረው አባዬ የማይፈልገውን ነበር።

"አባባ፣ ቴላዮው ላይ አልበይድም።"

አባዬ ስታንዱ ከሞተሩ አጥንት ጋር አንዴ ተበይዶ እንዲያልቅ ነበር ሐሳቡ። ልጁ ግን አልተበገረም። የሞተር ቴላዮ ስስ ቱቦ ነው። በብየዳ እሳት የተቃጠለው ቦታ ባሕርዩ ይለወጣል፣ ከጊዜ በኋላ በንዝረት እዚያው ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። "ስታንዱ ቢሰበር ሞተሩ ይወድቃል። ቴላዮው ቢሰበር ግን እርስዎ ነዎት የሚወድቁት" አለው። ስለዚህ ከወፍራም ላሜራ ሁለት መያዣ ቆርጦ የእግር መርገጫው በሚታሰርባቸው ብሎኖች እንዲያዙ አደረገ። ሊያወልቁት ቢፈልጉ በመፍቻ ይወጣል።

ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። ልጁ ሲለካና ሲያስተካክል የባትሪውን ገመድ ነቀለው፤ የብየዳ ኤሌክትሪክ የሞተሩን ዕቃ እንዳያቃጥል ነው። ብየዳውን ራሱ የሠራው ሞተሩን ከነቤንዚኑ ርቆ እንዲቆም ካደረገ በኋላ ነው። ሁለቱን እግሮች በአግዳሚ ብረት አያያዛቸው፤ ከታች በመካከላቸው 30 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት አለ። ጫፋቸው ላይ ከሲኒ ማስቀመጫ ትንሽ የሚያንስ ጠፍጣፋ ላሜራ በየደላቸው። ክብደቱ በሰፊ ቦታ ስለሚያርፍ በቀላሉ አይሰምጥም። በግራ በኩል ደግሞ በእግር የሚረገጥ አጭር ክንድ አወጣለት።

ስታንዱ ቆሞ የሚቀርበትን ምስጢር ያስረዳኝ በጠመኔ መሬት ላይ ስሎ ነው። የታጠፈው እግር ከኋላ ተነስቶ ወደ ታች ይዞራል። ቀጥ ሲል ሞተሩ የመጨረሻ ከፍታው ላይ ይደርሳል። እዚያ ቢቆም ትንሽ ግፊት ይጥለዋል። ስለዚህ እግሩ ቀጥ ካለበት አልፎ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት እንዲሄድና መከልከያ ብረት እንዲይዘው ይደረጋል። ያኔ ሞተሩ ግማሽ ሳንቲም ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የራሱ ክብደት ስታንዱን ይቆልፈዋል። "ጉብታ እንደማለፍ ነው፤ ጉብታውን ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ የሚመልስዎት የለም" አለ። ለማውረድ ሞተሩን ወደ ፊት መግፋት ብቻ ነው።

ሞላዎቹም በዚሁ ስሌት ነው የታሰሩት። ስታንዱ ሲታጠፍ ወደ ላይ ይስቡታል፣ ሲተከል ደግሞ መስመሩን አልፈው ተተክሎ እንዲቆይ ያግዙታል። ሁለት የሆኑት አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ነው። በጉዞ ላይ የወረደ ስታንድ መሬት ነክቶ ሞተሩን ሊገለብጥ ስለሚችል እዚህ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም።

የእማዬ ፈተና

እማዬ ልክ በሰዓቱ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ በያጁ ባቀረበላት ዱካ ላይ ተቀመጠች። አባዬ ክንዱን ረገጠ፣ ሞተሩን ጎተተ። አልወጣም። ደግሞ ሞከረ፤ ፊቱ ቀላ፣ ሞተሩ ግን ጉብታውን አላለፈም። ማንም አልተናገረም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ለካ። እግሮቹ ገና 36 ሳንቲሜትር ናቸው፤ ሞተሩ ስድስት ሳንቲም መነሳት ነበረበት። አባዬ በገመድ ከለካው 34 ላይ መቆለፊያዋን ግማሽ ሳንቲም ብቻ ጨምሮ የቀረውን አንድ ሳንቲም ተኩል ቆረጠው። ጠፍጣፋዎቹን መልሶ በየዳቸው።

ከዚያ አነሳሱን አስተማረው። "አባባ፣ በእጅዎ አያንሱ። ሞተሩን ቀጥ ያድርጉት። ሁለቱም ጫፎች መሬት መንካታቸውን በእግርዎ ይስሙት። አሁን ደረጃ እንደሚወጡ ሙሉ ክብደትዎን ክንዱ ላይ ይጣሉ። እጅዎ የሚመራ ብቻ ይሁን።"

አባዬ ረገጠ። ሞተሩ ወደ ኋላ ተነስቶ "ጓ" ብሎ ተቀመጠ። የኋላ ጎማው በአየር ላይ ቀረ። አውርዶ ደገመው፣ ሠለሰው። እማዬ ተነሳችና "እስቲ ልየው" ብላ ረገጠችው። በሁለተኛው ሙከራ ለእሷም ተነሳላት። 60 ኪሎ የማትሞላ ሴት ነች።

የጭቃው ፈተና ግቢያችን ውስጥ ሆነ። ከአቮካዶው ስር ያለውን አፈር በቧንቧ ውኃ እስኪላቆጥ አራስን፣ አባዬ ብቻውን ሞተሩን ገፍቶ አቆመው፣ እዚያው አደረ። ጠዋት ጠፍጣፋዎቹ አንድ ጣት ያህል ሰምጠዋል፤ ሞተሩ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እማዬ በመስኮት አየችውና ቡና ማፍላት ጀመረች። በእኛ ቤት ይህ ፍርድ ነው።

ስታንዱ ያልታሰበ ጥቅምም አመጣ። የኋላ ጎማው በነፃ ስለሚዞር አባዬ ካቴናውን ብቻውን ያጸዳል፣ ዘይት ይቀባል፣ ውጥረቱን ያያል። ድሮ እማዬ ሞተሩን ወደ ፊት ትገፋለች፣ እሱ አንድ ስንዝር ይቀባል፣ እንደገና ትገፋለች። "ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከመካኒክነት ጡረታ ወጣሁ" ብላለች።

ሁሉም ነገር ግን አልተፈታም። ስታንዱ ሲታጠፍ ከሞተሩ ሆድ ትንሽ ዝቅ ስለሚል ጥልቅ ቦይ ሲሻገር ይነካል፤ አባዬ አሁን ዞሮ ነው የሚሄደው። ክብደትም ጨምሯል። የቆመን ሞተር ያጸናል እንጂ የሚሄድን ሞተር አይጠብቅም። ወንድሜ አሁንም አልተዋጠለትም፤ ተሳስቷል ማለት ይከብደኛል። ስለዚህ ሦስት ነገር ተስማምተናል። ሄልሜት ሁልጊዜ፣ ከምሽት በኋላ ጉዞ የለም፣ ማሳው ሲደርስና ሲነሳ ለእማዬ ስልክ ይደውላል። በሚቀጥለው ሰኔ ደግሞ ፈተናው ይደገማል። ይህችን የጨመረችው እማዬ ናት።

ለመሄድ ካሰባችሁ

ምናለሽ ተራ በሥራ ቀን ጠዋት ቢኬድ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሸክሙና ግፊያው ይበዛል። እሑድ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። የተዘጋ ጫማ አድርጉ፤ መሬቱ የብረት ቁራጭ አያጣም። ስልካችሁን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ካላችሁ እጁን ይዛችሁ ብትወስዱት ቆሻሻ ተብሎ የወጣ ነገር እንዴት ዕቃ እንደሚሆን በዓይኑ ያያል። በብየዳው ብርሃን ላይ ግን ዓይኑን እንዳይተክል አደራ።

የሚሠራ ነገር ካላችሁ ልኩን በካርቶን ቆርጣችሁ ሂዱ። በቃል "ይህን ያህል" ብሎ በእጅ ከማሳየት ካርቶን ይሻላል፤ ሻጩም በያጁም በአንድ ቋንቋ ያነብቡታል። ስለ ዕቃው አገልግሎትም ሳትሸሽጉ ንገሩ። ማን እንደሚጠቀምበትና ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ያወቀ ሻጭ ከክምሩ ስር ትክክለኛውን ብረት ያወጣላችኋል።